«አልጠፋም» ያለው ፋይል

አልሰረዝ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር ሲያጋጥም ከመታገል በፊት መጠየቅ ያለብን ጥያቄዎች

ባለፈው የገና ሰሞን ነው። በገና ሳምንት ላሊበላ ውስጥ እንግዳ የማያድርበት ቤት የለምና የእኛም ቤት ከደሴና ከአዲስ አበባ በመጣ ዘመድ ተጨናንቋል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጅ ልጄ ላፕቶፑን ይዞ ነበር። ቡናው እየተፈላ ሳለ ከሣጥኔ ትንሿን ፍላሽ አውጥቼ «እስቲ የአያትህን ፎቶ ለእንግዶቹ አሳይልኝ» አልኩት።

ፍላሿን ሰካት። «ሠርግ»፣ «ገና»፣ «ቤተሰብ» የሚሉት ፎልደሮች በየስማቸው ተደርድረዋል። ነገር ግን በእያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ የተቆለመመች ቀስት ተለጥፋለች። ልጁ አንዱን ሲከፍት ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ፊቱ ተለወጠ። «እማማ፣ ቫይረስ ነው» አለኝ። ባለቀስቱን ፎልደር ሰረዘው፤ ወዲያው ተመልሶ መጣ። እንደገና ሰረዘው፤ እንደገና መጣ። ከአጠገቡ ያለውን ስሙ የማይነበብ ፋይል ለማጥፋት ሲሞክር ደግሞ ኮምፒውተሩ «ይህ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ስለተከፈተ ሊሰረዝ አይችልም» የሚል መልስ ሰጠው። በአምስተኛው ሙከራ ትዕግሥቱ አለቀና «ፎርማት ላድርጋት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» አለ።

«እጅህን አንሳ!» ስል እንግዶቹ ሳይቀሩ ደነገጡ።

ፎርማት ማለት ፍላሿን እንደ አዲስ ባዶ ማድረግ ነው። በዚያች ፍላሽ ውስጥ ደግሞ ነፍሱን ይማርና ባለቤቴ ያከበረው የመጨረሻ ገና፣ የሴት ልጄ ሠርግ፣ እናቴም የትውልድ ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ስትቆጥር በስልክ የቀረጽኩት ድምፅ አለ ብዬ አምን ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ የቤታችን ኮምፒውተር እንደወጣ ቀርቷል። ፍላሿ ግን ጎታ ውስጥ፣ ከገብሱ ሥር ተቀብራ ተርፋለች። ከዚያ ሁሉ የተረፈችው ፍላሽ በአንድ ደቂቃ ችኮላ ልትጠፋ ነው!

በጉልበት አይጎተትም

በላስታ ጤና ጣቢያዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። ካስተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ ደጋግሜ የተናገርኩት አንድ ነው፤ የእንግዴ ልጅ አልወጣም ሲል እትብቱ በጉልበት አይጎተትም። ያላወቀ ሰው ይጎትታል፤ እናቲቱም ለአደጋ ትጋለጣለች። ያወቀ ግን መጀመሪያ ይጠይቃል። ማህፀኑ ተኮማትሯል ወይ? ፊኛዋ በሽንት ተሞልቶ መንገድ ዘግቷል ወይ? የያዘው ነገር ሲታወቅ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በራሱ ይለቃል።

ኮምፒውተርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ ፋይል «አልጠፋም» ሲል እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ የያዘው ነገር ስላለ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዳሉት የያዘውን ማወቅ ይቀድማል። በዕድሜ የገፋን ሰዎችም ይህንን መጠየቅ አያቅተንም፤ ቁልፉን የሚጫነው የልጅ ልጅ ቢሆን እንኳ ጥያቄውን የምንጠይቀው እኛ ልንሆን እንችላለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ማን ከፍቶታል?

በጣም የተለመደው ምክንያት ቀላል ነው። ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል። ቪዲዮው በማጫወቻው ውስጥ ቆሞ ይሆናል፤ ደብዳቤው በወርድ ተከፍቶ ይሆናል፤ ፎቶው በቴሌግራም እየተላከ ይሆናል። ሰው ተቀምጦበት ያለውን በርጩማ መሳብ እንደማይቻል ሁሉ ዊንዶውስም በሥራ ላይ ያለ ፋይል እንዲሰረዝ አይፈቅድም።

መፍትሔው በቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የተከፈተውን ፕሮግራም ሁሉ ዝጉ። ካልሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱት፤ ማለትም «ሪስታርት» የሚለውን ምረጡ። አብዛኛው ችግር እዚህ ላይ ያበቃል። ፕሮግራሙ ከዓይን ተሰውሮ ከበስተጀርባ እየሠራ ከሆነ ደግሞ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ «ታስክ ማናጀር» ይመጣል። በዚያ ላይ ፕሮግራሙን መርጦ ማስቆም ይቻላል። የማታውቁትን ስም ግን አትንኩ፤ ለኮምፒውተሩ ሕይወት የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል።

ይህም ካልሠራ ኮምፒውተሩን «ሴፍ ሞድ» በሚባለው መንገድ ማስነሳት አለ። በዚህ መንገድ ሲነሳ እጅግ አስፈላጊ የሆኑት ብቻ ስለሚሠሩ ፋይሉን ይዞ የነበረው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ አይነሳም፤ ፋይሉም በቀላሉ ይሰረዛል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የማን ነው?

አንዳንዴ የሚመጣው መልስ «ፈቃድ ያስፈልግሃል» የሚል ነው። ይህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ፋይሉ የተፈጠረው በሌላ ሰው መግቢያ ስም ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ የድሮ ፎልደሮቻችን «አናውቅህም» የሚሉን በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ መሆናቸውን እርግጠኛ ከሆንን የኮምፒውተሩ ዋና ባለቤት በሆነው ስም ገብቶ ባለቤትነቱን ማዛወር ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ፋይሉ የዊንዶውስ የራሱ ነው። ይህ ሲሆን መተው ነው። አንድ ጎረቤታችን ኮምፒውተሩ ቦታ ሞላበትና «ዊንዶውስ» የሚለው ፎልደር ትልቅ ሆኖ ቢያገኘው ከውስጡ ቀንሶ ሊያጠፋ ታገለ። አንዳንዱ እምቢ ሲለው ፈቃዱን በግድ አስለውጦ ሰረዘው፤ በማግሥቱ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። እምቢታው ራሱ ምክር ነበር።

ሌላም ቀላል ምክንያት አለ፤ የስም መርዘም። የዊንዶውስ የቆየ ልማድ የፋይሉ ስምና ያለበት የፎልደሮች ሰንሰለት ተደምሮ ከ260 ፊደልና ምልክት እንዳይበልጥ ነው። ፎልደር በፎልደር ውስጥ፣ እያንዳንዱም «የእማማ ፎቶዎች አዲሱ የመጨረሻው ቅጂ» እየተባለ ሲሰየም ልኩን ያልፍና አልከፈትም አልሰረዝም ይላል። የላይኛዎቹን ፎልደሮች ስም ማሳጠር ብቻ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ስሰርዘው ተመልሶ ይመጣል ወይ?

ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ከቫይረስ ጋር ነው። የእኛ ፍላሽ የታመመችው በዚህ ነበር።

«ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ፎቶውን አያጠፋም። ይደብቀዋል። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ከዓይን ይሰውርና በቦታቸው በተመሳሳይ ስም ባለቀስት አቋራጮችን ያስቀምጣል። አቋራጩን ስንከፍት ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። አንዳንዱ ፎልደሩንም አብሮ ስለሚከፍት ተንኮሉ አይታወቅም። አንዴ ከገባ በኋላ ፍላሿ ላይ የሰረዝነውን ሁሉ እየተከታተለ መልሶ ይጽፈዋል። የልጅ ልጄ አምስት ጊዜ የታገለው ለዚህ ነበር። ቁስሉን ከላይ እየጠረገ ምንጩን አልነካም።

በፍላሽ የሚተላለፍ ቫይረስ አዲስ ነገር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የተነሳውና በዓለም ዙሪያ ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን ያዳረሰው ኮንፊከር አንዱ መተላለፊያው ፍላሽ ነበር። ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን አሠራር ይጠቀም ነበርና በ2003 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ያንን አሠራር የሚዘጋ ማሻሻያ አሠራጨ። ቫይረስ ጸሐፊዎቹም ዘዴ ለወጡ፤ በራሱ የማይነሳውን ሰው እንዲከፍተው በባለቀስት ፎልደር ያታልሉ ጀመር።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ፍላሽ ሥራ ፈቶ አያውቅም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ መዝሙሩም፣ የሠርግ ፎቶውም፣ የተማሪው ጽሑፍም ከእጅ ወደ እጅ፣ ከፎቶ ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት የሚሄደው በፍላሽ ሆነ። በየኮምፒውተሩ የሚሰካ አንድ ፍላሽ ለኔ ለብዙ ሰው እንደሚወጋ አንድ መርፌ ነው። ነርስ ይህን ስታይ ዝም አትልም።

የሕክምናው ቅደም ተከተል እነሆ። አንደኛ፣ ባለቀስቱን አትክፈቱ። ሁለተኛ፣ ፎቶው መኖሩን አረጋግጡ፤ የፍላሿን ምልክት በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ስትመርጡ የተያዘው ቦታ ይታያል። ባዶ የምትመስል ፍላሽ ብዙ ቦታ ተይዞባት ከሆነ ፎቶው ውስጧ አለ። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አክሙ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር የሚባለው መከላከያ፣ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ የሚፈትሽበት «ኦፍላይን» የተባለ ምርጫ አለው፤ ይህ ቫይረሱን ሥራ ሳይጀምር ይይዘዋል። መከላከያው ግን የታደሰ መሆን አለበት። ያልታደሰ ኮምፒውተር ክትባቱን እንዳልጨረሰ ልጅ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ የማሻሻያ ድጋፍም በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ልብ ይሏል።

አራተኛ፣ የተደበቀውን አውጡ። ፎልደሮች በሚታዩበት መስኮት «ቪው» በሚለው ሥር «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ቫይረሱ ጠለቅ አድርጎ ደብቆት ከሆነ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ የዊንዶውስ የራሱን ፋይሎች ደብቅ የሚለውንም ለጊዜው ማንሳት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ፎቶው በሙሉ ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገኛል። አምስተኛ፣ ፎቶዎቹንና ቪዲዮዎቹን ብቻ ወደታከመው ኮምፒውተር ቅዱ፤ ባለቀስቱንና ስሙ ያልታወቀውን ተዉት። ቅጂው መከፈቱን ካያችሁ በኋላ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ፍላሿ ፎርማት ትደረግ።

ልብ በሉ፤ ፎርማቱ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ከመጨረሻው መጀመሩ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ? እዚህ ላይ ግን የፈሰሰውን መልቀምም ላይቻል ይችላል።

እምቢ የሚል ክትባትም አለ

አንዳንድ አሮጌ ፍላሾች ላይ «አውቶራን» የሚል ስም ያለው፣ በምንም መንገድ የማይሰረዝ ፋይል ወይም ፎልደር ይገኛል። ብዙ ሰው ቫይረስ መስሎት ይታገለዋል። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ምክንያቱም ፓንዳ የተባለው የስፔን ድርጅት ያወጣውን ዓይነት የፍላሽ መከላከያ ሆን ብሎ የማይሰረዝ ፋይል በዚያ ስም ያስቀምጣል። ቫይረሱ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል፤ ሊጽፍበት አይችልም። የመከላከያው ስም ራሱ «የፍላሽ ክትባት» ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ለብቻዬ ሳቅሁ። እምቢ ያለ ሁሉ ጠላት አይደለም ማለት ነው።

እምቢታው የድካም ምልክት ሲሆን

አሁን ደግሞ ወላጆችና አያቶች ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ ወደምፈልገው ልምጣ። ስልካችሁ ውስጥ ካለው ሜሞሪ ካርድ ፎቶ ትሰርዛላችሁ፤ ይጠፋል። ስልኩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ያ ፎቶ ተመልሶ ይታያል። ወይም ፍላሹ ምንም አይሰረዝብኝ፣ ምንም አይጻፍብኝ ይላል።

መጀመሪያ ቀላሉን ተመልከቱ። በካሜራ ሜሞሪ ካርድና በአንዳንድ ፍላሽ ጎን ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ ወደ ተቆለፈው በኩል ተንሸራትታ ከሆነ መመለስ ነው። መቆለፊያ ከሌለው ወይም ከተከፈተ ግን ሜሞሪው ዕድሜውን ሳይጨርስ አልቀረም። ሜሞሪ የሚጻፍበትና የሚሰረዝበት ብዛት ልክ አለው። ሲደክም አንዳንዱ ራሱን ይቆልፍና «ማንበብ ትችላላችሁ፤ መንካት ግን አይቻልም» ይላል። ይህ ትልቅ ደግነት ነው፤ ከመሞቱ በፊት ኑዛዜ እንደሚሰጥ አዛውንት ያለውን ለማስረከብ ጊዜ ይሰጠናል። በዚያ ሰዓት ለመሰረዝ የምንታገል ከሆነ ጊዜውን እናባክናለን። ያለውን ሁሉ በዚያው ቀን ቅዱ፤ ከዚያ ካርዱን ጣሉት።

መብራት በድንገት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ፋይል እየተገለበጠ እያለ ኃይል ከተቋረጠ ወይም ፍላሹ «ኢጄክት» ሳይባል ከተነቀለ የፋይሎቹ መዝገብ ይዛባል። ስማቸው ትርጉም የሌለው፣ የማይከፈቱና የማይሰረዙ ፋይሎች ይፈጠራሉ። በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ቱልስ» በሚለው ሥር «ቼክ» የሚል ማስተካከያ አለ፤ ብዙውን ያቃናል። ነገር ግን እሱም ሲያስተካክል አንዳንዱን ሊቆርጥ ስለሚችል የሚነበበው ሁሉ አስቀድሞ ይቀዳ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

የእኛ ፍላሽ ነገር

የልጅ ልጄ እጁን አነሳ። ቡናው ሦስት ዙር እስኪጠጣ ድረስ በትዕግሥት ሠራ፤ ላፕቶፑን አከመ፣ የተደበቀውን አወጣ። ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ባለቤቴ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ በቤተ ማርያም ቅጥር፣ ቤዛ ኩሉ በሚዘመርበት ጠዋት ቆሞ ብቅ አለ። እንግዶቹ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። የልጄ ሠርግም ሙሉ በሙሉ ተገኘ።

የእናቴ ድምፅ ግን አልነበረም።

ልጁ ሦስት ጊዜ ፈለገ። እኔም ሳስበው ሳስበው ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ፍላሿ ሞልታ ፎቶ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንድሰርዝ ተጠይቄ ነበር። ስልኩ ቀኑን በቁጥር ብቻ የጻፈበት አንድ ፋይል አየሁና «ይህ ምንድን ነው? አያስፈልግም» ብዬ እኔው ራሴ አስጠፋሁት። ከፍቼ አላዳመጥኩትም። አንድም እምቢታ፣ አንድም ትግል አልነበረም፤ በአንድ ጊዜ ሄደ። ከፍላሽ የተሰረዘ ነገር ደግሞ እንደ ኮምፒውተሩ ፋይል «ሪሳይክል ቢን» ውስጥ አይጠብቅም። ወዲያው ቢታወቀኝ ኖሮ፣ የተሰረዘ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ከሜሞሪው ላይ ስለማይለቅ፣ ፍላሿን ሳልጠቀምባት ለባለሙያ ብሰጥ ምናልባት ይገኝ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ስንት ነገር ተጽፎበታል።

እንግዲህ አልጠፋም ያለው ፋይል ጊዜ ሰጠን፤ ያሳዘነኝ በቀላሉ የጠፋው ነው። እኛ የላሊበላ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የታነፁት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ ሳይሆን የማያስፈልገው ከአለቱ እየተፈለፈለ ነው። ጠራቢው አንዴ ያነሳውን አለት መልሶ አይለጥፈውም። ስለዚህ ከመምታቱ በፊት የሚቀረውን ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሦስት ሕግ ወጥቷል። ሳይከፈትና ሳይታይ የሚሰረዝ ፋይል የለም። ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ቅጂ በዚያው ቀን በአማርኛ ስም ይወጣለታል፤ «እማማ ሰባት ቤት ስትቆጥር» ቢባል ኖሮ ማን ይሰርዘው ነበር? ከሦስት ባላነሰ ቦታ የማይቀመጥ የቤተሰብ ፎቶም የለም፤ አንዱ በኮምፒውተር፣ አንዱ በሌላ ፍላሽ፣ አንዱ ከላሊበላ ውጭ አዲስ አበባ ባለችው ልጄ ዘንድ። ጎታው ለአንድ ጊዜ ረድቶናል፤ ሁልጊዜ ግን በጎታ አይታመንም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የልጅ ልጄን ስልኩን አብራ አልኩትና የእናቴን ቃል ከራሴ ትዝታ ልቆጥርለት ጀመርኩ። አራተኛው ቤት ድረስ ሳላመነታ ደረስኩ። አምስተኛው ላይ ቆምኩ። በሳምንቱ ተያይዘን ብልባላ ሄድን፤ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ከእኔ የጠፋውን አምስተኛውን ሞሉ፤ ሰባተኛውንም ጨረሱ። የእናቴ ድምፅ አይደለም። የእናቴ ቃል ግን ነው።

በየቤታችሁ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አዛውንት ካሉ ይህን ቅዳሜና እሑድ አትለፏቸው። ከቀረጻችሁ በኋላም ስም ስጡት።